ስድስት መቶ ቢጫ ካርድ

ማባዣ ክፍሉና ወጥ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚህ የተነሳ እኔ የማባዛው የፈተና ወረቀት ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ አክስቴ የምትቀቅለው ምስር ደግሞ፣ እሷ እንደምትለው፣ ቀለም ቀለም ይላል። ግድግዳው ላይ እንደ ቲኬት መሸጫ ያለች ትንሽ መስኮት አለች። አክስቴ ስትቆጣም ስትስቅም የምታናግረኝ በዚያች ነው።

አክስቴ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ወደፊትም ወደኋላም የማያስኬድ ሆኖ ቤት ስቀመጥ ርዕሰ መምህርቷን ለምና ያስቀጠረችኝ እሷ ናት። ሥራዬ የእጅ ማባዣ ማሽኑን ማዞር ነው። ጽሑፉ የተቀረጸበትን ስስ ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ የማሽኑ ከበሮ ላይ እለብጣለሁ፣ ቀለም እጨምራለሁ፣ ቆጣሪውን በተፈለገው ቁጥር ላይ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እጀታውን እያዞርኩ ወደ ሌላ ዓለም እሄዳለሁ። ቁጥሩ ሲሞላ ማሽኑ «ቂው» ይላል፤ ያኔ እመለሳለሁ። ከሰው ጋር ብዙም አልውልም። ልጆቹ «ቀለሜ» ይሉኛል፤ ለጉብዝናዬ ሳይሆን ለጣቶቼ ነው።

ትምህርት ቤቱ ስድስት መቶ ተማሪ አለው። በወጥ ቤቱ ምሳ የሚበሉት ግን «ችግረኛ» ተብለው የተመዘገቡት ሰባ አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ለእነሱ በየመንፈቁ ካርድ ይታደላል። ካርዱ ላይ «የዚህ ካርድ ባለቤት የቤተሰቡ ችግር ተጣርቶ በነፃ ምሳ እንዲመገብ ተፈቅዶለታል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ያወጣው የትምህርት ቢሮው ነው። መጀመሪያ ያነበብኩላት ቀን አክስቴ ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ «ተጣርቶ? እኔ የሚጣራው ዘይት ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ልጆቹ ካርዱን ካልሲያቸው ውስጥ ይደብቁታል። በወጥ ቤቱ የፊት በር የሚገባ አልነበረም፤ በጀርባ፣ በማገዶው ክምር በኩል ነበር የሚሾልኩት። አስር አስራ አምስቱ ጭራሽ አይመጡም፤ ሰው ከሚያያቸው ተርበው ቢውሉ ይመርጣሉ። ካርድ የሌላቸውም ቢሆኑ ሁሉም ጠግበው አይመጡም። እናት ሳይነጋ ሥራ ትሄዳለች፤ አባት ቁርስ የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ ልጅ በባዶ ሆዱ ደብተሩን ይዞ ይሮጣል። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በኮሪደሩ ስታልፍ የሚሰማው የሆድ ጩኸት ከመምህሩ ድምፅ ይበልጣል።

አክስቴ ለዚህ ነገር ሦስት ዓመት ተሟግታለች። ምሳ እንደ ደወል ነው፤ ሲደወል ለሁሉም ነው የሚደወለው፤ ትላለች። ፊርማ ሰበሰበች። አረንጓዴ ኮቷን ለብሳ ዘጠኝ ጊዜ ቢሮ ሄደች፤ ዘጠኝ ጊዜ «ነገ ነይ» ተባለች። በአስረኛው ድስት ይዛ ሄደች። ድስቱ ባዶ ነበር፣ ግን ደረጃው ላይ ስታስቀምጠው እጅግ አድርጎ ስለጮኸ አንድ ሰውዬ ከቢሮው ወጥቶ አነጋገራት። መልሱም መጣ፦ ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ድረስ ይመጣል። ከወላጆች ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ሦስት መቶ አንድ ሰው ተገኝቶ እጅ ካወጣ፣ ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ ምሳ ይፈቀዳል። ካልሆነ ጉዳዩ ለሁልጊዜውም ይዘጋል።

ሦስት መቶ አንድ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ የመጡት አስራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነሱ አራቱ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ መንገደኞች ነበሩ።

ዓርብ ዕለት ሁለት ሥራ ደረሰኝ። አንደኛው ለሁሉም ወላጆች የሚላክ የስብሰባ ጥሪ፣ ስድስት መቶ። ሁለተኛው የመንፈቁ የምሳ ካርድ፣ ሰባ አራት። ነጭ ወረቀት ካለቀ ወር ሞልቶት ስለነበር ሁለቱም በተረፈን ቢጫ ወረቀት፣ በአንድ ልክ የተቆረጡ ናቸው። ጥሪውን አክስቴ በመስኮቷ በኩል አንገቷን አስግጋ ነበር ያስጻፈችኝ።

«እንዲህ በል፦ ወላጆች ሰኞ ጠዋት ኑልን። ልጆቻችሁ በሙሉ ምሳ እንዲበሉ ከእናንተ የሚፈለገው እጅ ማውጣት ብቻ ነው።»

«ጻፍኩ።»

«እጃችሁን ታጥባችሁ መምጣት አያስፈልግም በል።»

«እትዬ፣ ርዕሰ መምህርቷ ይሰርዙታል።»

«ይሰርዙት። አንተ ጻፈው።»

ሰረዙት።

ከዚያ ማዞር ጀመርኩ። ማሽኑ ሸክ፣ ሸክ ሲል የእግር ኮቴ መሰለኝ። ሰዎች በትምህርት ቤቱ በር ሲጎርፉ ታዩኝ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፤ አጥሩን የሚያልፉ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ከሥራ ልብሳቸው ሳይወጡ የመጡ። አክስቴን በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን ሲዞሩ አየሁ፤ እሷም ከላይ ሆና «ቀስ፣ ኮቴን» ትላለች። የቢሮው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ሲያውለበልብ አየሁ፤ ባርኔጣ ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም። ቂው። ስቴንስሉን ቀየርኩ። በቀለም የተነከረ ስቴንስል ጥቁር ጨርቅ ነው፣ አይነበብም፤ ወረቀቱም ከማሽኑ በጀርባው ነው የሚወጣው። ሰባ አራት አዞርኩ። ቂው። ትልቁን እሽግ በየክፍሉ ከፋፍዬ አስሬ ሰጠሁ፤ በትንሹ ላይ «ለወጥ ቤት» ብዬ ጽፌ በመስኮቷ አቀበልኩ።

የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ዓርብ የመጨረሻ ደወል ላይ ደግሞ ወረቀት የሚያነብ መምህር አልተፈጠረም። አደሉ፣ ልጆቹ ቦርሳቸው ውስጥ ጠቀጠቁ፣ ግቢው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጭር አለ።

«አንተ» የሚል ድምፅ በመስኮቷ መጣ።

አክስቴ ስትቆጣኝ «ሰነፍ»፣ «ደመና ላይ ያለኸው»፣ «ምን ይዞህ ነው» ትላለች። እንዲህ ብቻውን «አንተ» ስትል ግን ነገሩ ከቁጣ አልፏል ማለት ነው።

«አቤት እትዬ።»

«ይሄ ለእኔ የሰጠኸኝ ምንድን ነው?»

«ካርዱ ነዋ።»

«አንብበው።»

«ወላጆች ሰኞ ጠዋት…» ብዬ ቆምኩ።

«ስንት ነው?»

«ሰባ አራት።»

«እና ያኛው፣ ልጆቹ ይዘውት የሄዱት?»

የማሽኑን እጀታ ያዝኩ፤ ወደኋላ ቢዞር ብዬ ሳይሆን አይቀርም። አክስቴ ሩዝ የሞላ ጆንያ ላይ ቁጭ ስትል በመስኮቷ የሚታየኝ ሻሿ ብቻ ሆነ።

«እንግዲህ» አለ ሻሹ፣ «ለስድስት መቶ ቤት፣ ችግራችሁ ተጣርቷል ብለህ ልከሃል።»

ወረቀት አልነበረንም። ጊዜም አልነበረንም። የነበረን ሰባ አራት ጥሪና አራት እግር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ አረንጓዴ ኮቷን ለበሰች፣ እኔ ጥሪዎቹን ይዤ ተከተልኳት፣ ቤት ለቤት ልንዞር ወጣን።

ያን ቀን ሰፈሩን ምን እንደነካው ለመናገር ያስቸግራል። ሰው ሁሉ ሀብታም ሆኖ ነው የነቃው። ልብስ ሰፊው የተዳረበትን ሱፍ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቁልፍ ይተክላል። ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን ወንበሮቹን በአዲስ ፎጣ ሸፍኗል፤ መለያ ወረቀቱ እንኳ አልተነቀለም። አንዲት ሴትዮ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ምንጣፍ አጥሯ ላይ ዘርግታ፣ አቧራ የሌለበትን በዱላ ትነርተዋለች። ስናልፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይሄ እንኳ ትንሹ ነው» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ሲሚንቶ ነጋዴው መኪናውን ያጥባል። ከመኪናው ሥር ያለው ጭቃ ሲታይ ያን ጠዋት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እጥበት ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለች አክስቴ።

«ተመስገን። ሞልቶናል። ምንም የጎደለን ነገር የለም።»

«ደስ ይላል።»

«ምን ሊጎድለን ይችላል?»

«ማን ጎደላችሁ አለ?»

«ማንም አላለም» አለና ስፖንጁን እንደ ጠላት አንገት ጨመቀው። «ሰው ግን ያወራል።»

አክስቴ ከእጄ አንድ ጥሪ ወስዳ ዘረጋችለት። ሰውየው ቢጫውን ወረቀት ሲያይ እባብ እንዳየ ሰው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ፤ ባልዲውን ረገጠው።

«እህቴ፣ እሱን ወረቀት ከደጄ አርቂልኝ።»

በየሄድንበት እንዲሁ ሆነ። ቢጫውን ሲያዩ በር ይዘጋል፤ ካልተዘጋም «ለእኛ አይደለም፣ ተሳስታችሁ ነው» ይባላል። አንዷ መጋረጃዋን ስትዘጋ፣ መጋረጃው አዲስ መሆኑን እንድናይ መልሳ ከፍታ ዘጋችው።

ፀጉር አስተካካዩ እኔን በእጁ ጠቅሶ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ቀለሜ፣ አንተ እዚያ ነህ። የችግረኛ ስም የሚጠቁመው ማነው?»

«ለምን ፈለግከው?»

«እኔ አይደለሁም። ለአንድ ጓደኛዬ ነው።»

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልብስ ሰፊው እጀታዬን ያዘ። «በናትህ፣ ጎረቤት ነው እንዴ የሚጠቁመው? ለአንድ ጓደኛዬ ነው።» እኩለ ቀን ሳይሆን ሰባት ሰው ለሰባት ጓደኛ ጠየቀኝ። ያኔ ገባኝ። አክስቴን መንገዱ መሐል አቆምኳት።

«እትዬ፣ እያንዳንዱ ካርዱ ለእሱ ብቻ የመጣ መስሎታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማንም ለማንም አላሳየም። ሁሉም ደብቆታል።»

«ስድስት መቶውም?»

«ስድስት መቶውም።»

አክስቴ የመብራት ምሰሶ ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። ለኮቷም አልሳሳችም፤ ምሰሶው ላይ ግራሶ ነበረበት። ሳቁ እኔንም ያዘኝ። ሴትየዋ ምንጣፏን ስትነርት፣ ሲሚንቶ ነጋዴው ጎማ ሲወለውል፣ ልብስ ሰፊው በሠርግ ሱፉ ሲያልበው እያየን ሆዳችንን ይዘን ቆምን። ከዚያ በድንገት አክስቴ ሳቋን ዋጠች።

«ሰኞ ግን ማን ይመጣል?»

«እ?»

«የተሰደበ ሰው ስብሰባ አይመጣም፣ ልጄ። ስህተት ነው ብዬ ብነግራቸውም ‹የምን ካርድ? እኔ አልደረሰኝም› ነው የሚሉኝ።» ሰባ ሦስቱን ጥሪ ከእጄ ወሰደችና ኪሷ ከተተችው። «ሦስት ዓመቴን በአንድ ቀን አዙረህ ጣልከው?»

በቁጣ አይደለም ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ሰውዬ መጣ። ባርኔጣ የለውም። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ የሰካ ሰው ነው። ርዕሰ መምህርቷ ዛፉ ሥር ሃምሳ ወንበር አስደርድረው ነበር፤ እሱ ከፊት ተቀምጦ ማህደሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ወንበሮቹ ላይ አንድ ድመት ብቻ ነበረች። አክስቴ ሽርጧን ሳትፈታ ከወጥ ቤቱ በር ቆማለች፤ እኔ ከማባዣ ክፍሉ በር አልወጣሁም፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እዚያው ብትውጠኝ ይሻለኛል ብዬ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለ ሰውየው፣ ከልቡ እያዘነ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ነው።

«ስብሰባ አለ እንዴ? እኔ እንኳ የልጄን ውጤት ለመጠየቅ ነበር።»

ውጤት ሊሰጥ ሁለት ወር ይቀረው ነበር። «ርዕሰ መምህርት፣ ለብቻዎ አንድ ጊዜ ላነጋግርዎ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስብሰባው ሲያልቅ። ቁጭ ይበሉ» አሉት።

ተቀመጠ። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ገባ፤ የልጁ ደብተር ጠፍቶ። ልብስ ሰፊውን ሲያይ ደነገጠ፤ ልብስ ሰፊውም እሱን ሲያይ። ተሳሰቁ፣ የውሸት። ባለምንጣፏ ሴትዮ ጃንጥላ ረስቼ ነው ብላ ገባች።

«መቼ ነው የረሱት?»

«አምና። ለብቻዎ ላነጋግርዎ ነበር።»

«ቁጭ ይበሉ።»

ከዚያ ማሽን የሚያዞራቸው ይመስል መጡ። የጥርስ ሕመም ያለበትን ልጁን ሊያይ፣ የአጥሩን ቀለም ሊያደንቅ፣ የመምህሩን ስም ሊያጣራ፣ «በዚህ ሳልፍ» ብሎ። ሁሉም ርዕሰ መምህርቷን ለብቻ ነው የሚፈልገው። ሃምሳው ወንበር አለቀ። ከክፍል አግዳሚ ወጣ፤ አለቀ። ሰው ድንጋይ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ በጓሮው ግንብ ላይ ተቀመጠ። ሲሚንቶ ነጋዴው ከሁሉም መጨረሻ መጣና መቀመጫ አጥቶ ድመቷን ይቅርታ ጠይቆ ከጎኗ ተቀመጠ። ደግሞም አስተዋልኩ፦ ያ ሁሉ ሰው አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ፣ ወይ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ወይ ብብቱ ሥር ይዟል።

የቢሮው ሰውዬ በእስክሪብቶው እየጠቆመ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማህደሩ ላይ ጭረት እያሰመረ ቆጠረ፤ ቀለሙ አለቀበትና ሁለተኛውን አወጣ። «ሦስት መቶ አርባ ሁለት» አለ፣ ራሱን ሳያምን። «ከግማሽ በላይ ነው። ስብሰባው ይካሄዳል።»

አክስቴ ከበሩ አየችኝ። ዓይኗ እንደ ሕፃን ሆኗል።

ሰውየው ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳና፣ «ሁሉም ልጆች በነፃ ምሳ እንዲበሉ የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ።

አንድም እጅ አልወጣም።

እጅ እኮ ኪስ ውስጥ ነው። ካርዱን ይዟል። ከዚያም በላይ፣ ነፃ ምሳ ብሎ እጅ ማውጣት «አዎ፣ እኔ ነኝ ያ የተጣራው» ማለት ሆኖ ታይቷቸዋል። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሰው የዛፉን ቅርንጫፍ ያጠና ጀመር።

«እጅ አውጡ እንጂ» አለች አክስቴ።

ልብስ ሰፊው ላቡን በሌላኛው እጁ ጠረገ። የቢሮው ሰውዬ ማህደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እያነበበ ጻፈ፦ «ድጋፍ… ምንም።»

በዚህ መሐል የዕረፍት ደወል ተደወለ። ማንም ያልጠየቃቸው ስድስት መቶ ልጆች ከየክፍሉ ፈነዱ። የሲሚንቶ ነጋዴው የሁለተኛ ክፍል ልጅ አባቷን አይታ በሕዝቡ መሐል እየተሽሎከለከች መጣች፤ ሌላ ልጅ በእጇ ጎትታለች። ደረቷ ላይ፣ በፀጉሯ ሪባን የታሰረ ቢጫ ካርድ ተንጠልጥሏል። ካርዱን ከቤቷ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው ያወጣችው፤ የቲማቲም ልጣጭ ነበረበት።

«አባዬ፣ አንተም ልትበላ መጣህ?»

«ደብቂው» አለ በጥርሱ።

«ለምን? እኔ እኮ ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ጋር ነው የምበላው» አለች፣ ያቺን በእጇ የያዘቻትን እያሳየች። «እሷ ካርድ አላት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ትታኝ ነው የምትሄደው። አሁን ግን እኔም ተፈቀደልኝ።»

ያቺ ልጅ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች።

ሲሚንቶ ነጋዴው ተነሳ። ፊቱ የበርበሬ ዛላ መሰለ። እጁን ከኪሱ መንጭቆ አወጣ፤ በታላቅ ልጁ በኩል የደረሰው ካርድ አራት ጊዜ ታጥፏል። «ይሄን የላከልኝ ማነው? እኔ ነኝ ችግረኛ? ሁለት መኪና ያለኝ ሰውዬ?»

«አንዱ እኮ አይነሳም» አለ ከግንቡ ላይ አንድ ድምፅ።

ሳቅ ሊነሳ ሲል ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ ቆመ። «ጋሼ… ለእርስዎም ደረሰዎ?»

«ለእኔም ማለት?»

ፀጉር አስተካካዩ የራሱን አወጣ። ልብስ ሰፊው ከሱፉ የውስጥ ኪስ፣ በላብ የራሰውን አወጣ። ባለምንጣፏ ከቦርሳዋ፣ ከጎኗ ያለችው ከጫማዋ። ከዚያ ማቆሚያ አልነበረውም፤ ከብብት፣ ከኮፍያ ሥር፣ ከሕፃን መታቀፊያ ውስጥ፣ ግቢው በአንድ ደቂቃ ቢጫ ሆነ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የጎረቤቱን ካርድ አነበበ።

«ዳኛው ለሁላችንም ቢጫ አሳይቶናል ማለት ነው» አለ ያ የግንቡ ላይ ድምፅ።

ፈረሱ። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ልብስ ሰፊው ትከሻ ላይ ተደፋ፤ «ሱፉን ለዚህ ነው የለበስከው?» «አንተስ ፎጣውን?» ባለምንጣፏ «ምንጣፉ የእህቴ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ርዕሰ መምህርቷ ፊታቸውን በመዝገብ ሸፈኑ፤ መዝገቡ ይንቀጠቀጣል።

«ቆይ ቆይ» አለ ሲሚንቶ ነጋዴው፣ መሳቅ ስላልፈለገ ከንፈሩን ነክሶ። «ይሄን የሠራው ማነው?»

እግሬ ብቻውን ሄደ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ በሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቁጥሩን አቀያየርኩት። ጥሪው ስድስት መቶ፣ ካርዱ ሰባ አራት ነበር።»

«ምን እያሰብክ ነው እንዲህ የሳትከው?»

«እናንተ ስትመጡ እያየሁ ነበር።»

ምን እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እንደገና ፈረሱ። በዚህ ጊዜ ነጋዴውም አልቻለም፤ ድመቷ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን መታ።

አክስቴ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀች። ሽርጧ ላይ እጇን እየጠረገች መሐላቸው ገባች።

«እናንተ ካርዱን ሦስት ቀን ያዛችሁት» አለች። «ሦስት ቀን ብቻ። ምንጣፍ አወጣችሁ፣ መኪና አጠባችሁ፣ እንቅልፍ አጣችሁ። ከእነዚህ ልጆች ሰባ አራቱ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው የያዙት፤ የሚያጥቡት መኪናም የላቸውም። እኔ ካርድ ማየት አልፈልግም። ሳህን ይዞ የመጣውን ሁሉ ማጉረስ ነው የምፈልገው፤ የዚህን የጋሼን ልጅም ጭምር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ለሦስት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ እኔ ነበርኩ የጻፍኩላት፤ ረሳችው።

ሲሚንቶ ነጋዴው ልጁን አየ። ካልሲዋን የሳበችውን ልጅ አየ። ካርዱን እንደያዘ እጁን አወጣ።

ከዚያ ሁሉም። እጆቹ ላይ ሁሉ ቢጫ። የቢሮው ሰውዬ መቁጠር ጀመረና ግራ ገባው፤ ልጆቹም እጅ አውጥተዋል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም። «ልጆች፣ እናንተ አውርዱ» ይላል፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ያወጣል። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠፋበት። በአራተኛው «ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ። ከቀሩት ሁለቱ ሁለት እጃቸው ሕፃን የያዘ እናቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ግንቡ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ቀስቅሰን ስንነግረው ያለፈበት መስሎት ሁለት እጁን አወጣ።

ሰውየው ሲወጣ አክስቴን ጨበጣት። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የማስታወቂያ ሥራ ተምሬ እንደሆነ ጠየቀኝ።

አዲሱ መንፈቅ ሲጀመር በወጥ ቤቱ የፊት በር ስድስት መቶ ልጅ ገባ። ሁለት ረዳቶችና አልጋ የሚያህሉ ድስቶች መጥተዋል። ሩዝ በምስር ነው። አክስቴ ከሁሉም ፊት ቆማ ጭልፋዋን እንደ ባንዲራ ይዛ ትቀዳለች፤ «ቀጥል፣ ቀጥይ፣ አትግፋ፣ አፍህን ዝጋ፣ አይ ክፈት።» እኔ በመስኮቷ አያለሁ፤ የማባዛው ነገር ነበር፣ ግን ማን ያባዛል።

ሁለቱ ጓደኛሞች አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። የነጋዴው ልጅ አንድ ጉርሻ ጎርሳ አኘከችና አቆመች።

«እትዬ፣ ጨው በዝቷል።»

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። በዚያ ወጥ ቤት አስራ አንድ ዓመት ሲበላ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ጨው። እናቴ እንዲህ አታበዛም።»

ጓደኛዋ ሳህኗን አየች፣ አክስቴን አየች፣ መልሳ ሳህኗን አየች።

«የኔም» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

«የኔም» አለ ከሌላ ጠረጴዛ አንድ ልጅ፤ እሱም ከድሮዎቹ ነበር።

«ሁልጊዜም እንደዚህ ነው» አለ ሦስተኛው፣ አሁን ደፍሮ። «አምናም ይበዛ ነበር።»

አክስቴ ወደ መስኮቷ ዞረች። «አንተስ? ስንት ዓመት በላህ?»

«እኔማ…»

«ተናገር።»

«ትንሽ ይበዛል፣ እትዬ።»

ቀና ብላ ጣራውን አየች። ከዚያ ፊቷ ከዳር እስከ ዳር በራ፤ እንዲህ ደስ ያላት እጆቹ የወጡ ቀን እንኳ አልነበረም። ባልዲውን አነሳች፣ የውሃውን ግማሽ ድስቱ ውስጥ ገለበጠች፣ አማሰለች።

«አስራ አንድ ዓመት ጨው ሳበላችሁ አንዳችሁም ትንፍሽ አላላችሁም» አለች። «እሺ፣ ቅመሱ። ነገ ቢያንስባችሁም እንዳትደብቁኝ።»

«እሺ» አሉ ስድስት መቶው፤ አንዲት ልጅ ግን ቀምሳ፣ «አሁን ደግሞ ቀጠነ» አለች።